ከትርሲት ሱቅ ጀርባ

ይህ ሰፈር ስም የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው፣
ቁጥሩንም ፀሐይ ልጦት ዝናብ ያጠበው።
ከአራብሳ ወዲያ፣ አስፋልቱ ደክሞት
መጀመሪያ ኮረት፣ ቀጥሎ ጭቃ ሆኖ የሚሞትበት፣
እዚያ ነው የኔ ሱቅ፤
ቢጫ ኮንቴይነር፣ በሩ ሲከፈት የሚያቃስት፣
ላዩ ላይ የካርድ ማስታወቂያ፣ ሥሩ ድመት።

ሰው ሁሉ በኔ ነው ቤቱን የሚናገር፦
«ከትርሲት ሱቅ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።»
«ትርሲት ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ይላል፤
«ትርሲት ጋ አስቀምጠው» ይላል፣ ይሄዳል።
እኔም እቀበላለሁ፦
የሙሽራ ጫማ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣
ከጅማ የመጣ ማር፣ ካፉ የሚያፈስ፣
የአራተኛ ፎቅ ቁልፍ፣
ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር
መደርደሪያዬ ላይ ከሳሙናው ጋር ያድር።

በሚያዝያ አንድ ልጅ መጣ፣ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ፣
ታብሌቱን እንደ ሕፃን ክንዱ ላይ አንተርሶ።
«እናቴ፣ ከእንግዲህ ዕቃ በሰማይ ነው» አለኝ፤
«ድሮን ነው። መንገድ አይጠይቅም፣ ጭቃ አይዘው፤
ለያንዳንዱ በረንዳ ነጥብ ሰጥተናል።»
«ለኔስ?» አልኩት።
ፈለገ። በጣቱ አሰፋ፣ በጣቱ አጠበበ።
«የርስዎ ሱቅ ካርታው ላይ የለም» አለ፤
አፈረ መሰለኝ፣ ውሃ ገዝቶ ሄደ።

ደግሞም መጣ። ጠዋት ጠዋት ከአያት በኩል፣
ቀፎው እንደተነካበት ንብ እያጉረመረመ።
የዘርፌ ዶሮ ጭልፊት መስሏት
ጫጩቶቿን ሰብስባ ኮንቴይነሬ ሥር ገባች።
ልጆቹ ግን ሮጡለት፣ ስም አወጡለት፦ ሆዱ ገመድ።
በገመድ ነዋ የሚያወርደው፤
ከላይ ወደ ታች እንደሚቀዳ ባልዲ።

አልዋሽም፣ ቀናሁ።
ደግነቱንም አልክድም፦
የሰሚራ ልጅ አስሙ የተነሳበት ሌሊት፣
ታክሲ በሌለበት፣ ጅብ በሚጮህበት ሰዓት፣
መድኃኒቱን ያደረሰ እሱ ነው፣ በዘጠኝ ደቂቃ።
እኔ በዘጠኝ ደቂቃ ነጠላዬንም አላገኝ።

ነገር ግን፣
ብሎክ አርባ ሁለት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጋሽ አሥራደ፣
መነጽር አዞ ነበር፤ መነጽሩ ሳይመጣ እሱ ሄደ።
ሰው ቢያመጣው «አርባው ወጥቷል፣ ልጄ» እለው ነበር፤
ቆብ አውልቆ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይመለስ ነበር።
እሱ ግን ነጥቡን አገኘ፣ ገመዱን ፈታ፣
«ደርሷል» ብሎ ለማን እንደሆነ እንጃ ነገረና በረረ።
ካርቶኑ ከተዘጋ በር ፊት
ሰኔን ሙሉ ዝናብ ጠጣ።
ከሱቄ ሆኜ አየዋለሁ፤ ሲያብጥ፣ ሲላቀቅ።
ደርሷል።

ሐምሌ ገብቶ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ
ቆርቆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጓ! አለ።
ወጣሁ። አንዱ ክንፉ ተሰብሮ፣ ሌላው በከንቱ ይዞራል፤
ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ እንቅልፍ እንዳጣ ዓይን።
«የማን ነህ አንተ?» አልኩት። የሱቅ ልማድ ነው።
በፎጣ አደረቅሁት፣ ከሳሙናው ካርቶን ጎን አስተኛሁት፤
ድመቷ አሸተተችው፣ ናቀችው።

ሆዱ ላይ የተጻፈ ስልክ ነበር፤ ደወልኩ።
ያው ልጅ አነሳ፣ ባለ ሰደርያው። መጣሁ አለ።
ከመሸ መልሶ ደወለ፣ ድምፁ በዝናብ ተበልቶ፦
«እናቴ፣ ሰፈሩ ገብቻለሁ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ካርታው ቆሟል፤
ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። የት ልምጣ?»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።
«ስማ ልጄ። ታክሲ ማዞሪያው ጋ ተመለስ።
የተቆረጠውን ባሕር ዛፍ በግራህ ተወው፤
ድልድዩን ስታልፍ ጭቃው ይይዝሃል፣ ዳር ዳሩን ያዝ፤
ከዚያ ታብሌትህን ብብትህ ሥር ክተትና
ያገኘኸውን ሰው፣ ትርሲት፣ በለው።»

መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሼ በሩን ገርበብ አደረግሁ።
ሲመጣ፣ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣ፤
ከዚያ ስለ መነጽሩ እነግረዋለሁ።